ስለ ሁለት ሰው ድርሰት፤ የዛሪማ ላሊበሎችና የሼርማን ወንድማማቾች

ላሊበሎች ተብለው ስለሚጠሩት፥ በሌሊት ከሰው ደጅ ቆመው ስለሚያዜሙት ሰዎች የሚጻፈውንና የሚነገረውን የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ስለ ልማዳቸው፥ ስለ ልመናቸው፥ ስለ ዘራቸውና ስለሚወራባቸው ነገር ብዙ ተብሏል፤ ስለ ድርሰታቸው ግን የተባለው ጥቂት ነው። ከጥቂቱም ውስጥ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው የባልየው ቃል ብቻ ነው። ከጎኑ ቆማ እርሱ እስኪጨርስ ድረስ ስታዜም የቆየችው ሚስቲቱ «ተቀባይ» ተብላ በአንድ ቃል ትታለፋለች። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ይህ አያያዝ ትክክል አለመሆኑን ነው። የላሊበሎች ዜማ የሁለት ሰው ድርሰት ነው። አንደኛዋን ትቶ የሌላውን ቃል ብቻ የጻፈ ሰው ግማሹን ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ፥ ያ ግማሽ በምን እንደ ቆመ ሊያስረዳን አይችልም።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እናስታውስ። ላሊበላ በአንዳንድ ስፍራ ሐሚና ይባላል። እንደ አዝማሪ መሰንቆ አይዝም፤ መሣሪያው ጉሮሮው ነው። ሌሊት፥ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ተነሥቶ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። አስቀድሞ ከጎረቤት ጠይቆ የባለቤቱን ስም፥ ሥራውን፥ ሃይማኖቱን፥ የልጆቹን ስም አጥንቶ ስለሚመጣ፥ የማያውቀውን ቤተ ሰብ እንደ ዘመድ በየስማቸው እየጠራ ያወድሳቸዋል። የሰጠውን ይመርቃል፤ የነፈገውን ነገር ወርወር አድርጎበት ያልፋል። የሚሰጠው እንጀራ፥ እህል፥ አሮጌ ልብስ ወይም ገንዘብ ነው። ብቻውን የሚዞር ወንድ፥ ብቻዋን የምትዞር ሴትም አለች፤ የታወቀው ሥርዐት ግን ባልና ሚስት ሁነው የሚያዜሙት ነው።

የምንናገረው በተለይ ዛሪማ ላይ የሰማነውን መሠረት አድርገን ነው። ዛሪማ ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት፤ መንገዱ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆረጠ ነው። ከላይ ደባርቅ ላይ ሰው ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ፥ ጋቢ ደርቦ ስለሚተኛ፥ የላሊበላ ድምፅ ወደ ውስጥ የሚገባው ተቆራርጦ ነው። ዛሪማ ላይ ግን በሙቀቱ ወራት በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛ ሰው አለ፤ ባንድ ደጅ የተዜመውን አራት አምስት ቤት ይሰማዋል። ይህ ለዘፋኞቹ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፥ የሚቀጥለው ቤት ነቅቶ ይጠብቃቸዋል። ጉዳቱ ደግሞ፥ ለአንዱ ያሉትን ውዳሴ ለሁለተኛው ሊደግሙት አይችሉም፤ ጎረቤት ሰምቶታልና። ስለዚህ በአንዲት ሌሊት ብዙ አዲስ ስንኝ መድረስ ግድ ይሆንባቸዋል። የሁለትነታቸው ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

አደራረጋቸውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ሚስቲቱ አንዲት አጭር ዜማ ትይዛለች። ዜማዪቱ ቃል የላትም፤ ድምፅ ብቻ ናት፤ ከላይ ተነሥታ ወደ ታች ትወርድና እንደገና ወደ ላይ ትመለሳለች። ባልየው በዚያ ላይ ቃሉን ይዞ ይገባል። እርስዋ እስክትጨርስ አይጠብቅም፤ እርስዋም እርሱን አትጠብቀውም። ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ይህን በሠርግ ቤት ከሚሰማው መቀበል ጋር አንድ ያደርጉታል፤ አንድ ግን አይደለም። በሠርግ ቤት አውራጁ ተናግሮ ዝም ሲል ተቀባዮቹ ይነሣሉ፤ ነገሩ በተራ ነው። የላሊበሎቹ ግን ባንድ ጊዜ የሚሄዱ ሁለት ዜማዎች ናቸው። ባልየው ስንኙን አንድ ጊዜ አስረዝሞ፥ አንድ ጊዜ አሳጥሮ፥ አንዳንዴም እንደ ተራ ንግግር አፍጥኖ ይጥለዋል፤ ልኩ የማይጠፋው ከሥሩ ያለችው ዜማ ስለማትናወጥ ነው።

ይህም ለደራሲው ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ፥ በቃሉ ወዲያው የሚገጥም ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ዝምታን መሆኑን ማሰብ ይበቃል። አዝማሪ ስንኝ ሲጠፋው መሰንቆውን ይገዘግዛል፤ ሰው ሳያውቅበት ያስባል። ላሊበላ መሰንቆ የለውም። የሁለተኛው ልጅ ስም ከአፉ ቢጠፋ፥ ቤት የሚመታ ቃል ቢርቀው፥ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ የሚሸፍንለት የሚስቲቱ ድምፅ ነው። አንድ ሌሊት ስንሰማ ባልየው የቤቱን እመቤት ስም ጠርቶ ቤት ሳይመታ ቀጥ አለ። ሚስቲቱ ዜማዋን ከወትሮው ጥቂት ከፍ አድርጋ አንድ ጊዜ አዞረችው፤ ስትመለስ ቃሉ ተገኝቶ ነበር። ውስጥ ያሉት ሰዎች ክፍተቱን የሰሙት እንደ ጌጥ ነው፤ እኛም አጠገባቸው ባንቆም ኖሮ እንደዚያው በሰማነው ነበር።

ሌላም አለ። ፍጥነቱን የምትይዘው እርስዋ ናት። ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ወይም የበር መቀርቀሪያ ሲንቀሳቀስ ዜማውን ታፋጥነዋለች፤ ባልየውም ይህን ምልክት ሰምቶ ከውዳሴው ወደ ምርቃቱ ይሻገራል። ቀን ቀን ደግሞ ውሃ በሚቀዳበትና በወፍጮ ቤት ከሴቶች ጋር ቆማ፥ የማን ልጅ እንደ ተዳረች፥ የማን በሬ እንደ ጠፋ፥ ማን ከስደት እንደ ተመለሰ የምትሰማው እርስዋ ናት። እንግዲህ የግጥሙን ጭብጥ የሰበሰበች፥ ዜማውን የያዘች፥ መቼ እንዲያበቃም የምትወስን ሰው ተቀባይ ብቻ ናት ብንል፥ ደራሲ የምንለው ማንን ሊሆን ነው?

ወደ ቃሉ ስንመጣ ሁሉም መልካም ነው አንልም። ላሊበሎች በየደጁ የሚያፈሱት ብዙ ተራ ሙገሳ አለ። ባለቤቱ ለጋስ፥ እመቤቲቱ ባለሙያ፥ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ነው ይባላል፤ ይህ ለማንም የሚስማማ ልብስ ነው፤ ለማንም የሚስማማ ደግሞ ለማንም አያምርበትም። ስም ብቻ ለውጦ ከአሥር ቤት ያደረሰውን ላሊበላ ዛሪማ ላይ ጎረቤት ይስቅበታል። መልካሙ ውዳሴ የሚታወቀው በሌላ ቤት ሊባል በማይችለው ነገሩ ነው። የሹፌሩን ቤት ሲያወድስ ሊማሊሞን ያነሣል፤ መኪናው ፍሬን እንዳይበጥስ፥ ጭጋግ እንዳይጋርደው ይመርቀዋል። ባልዋ የሞተባትን ሴት ባልሽ ለጋስ ነበረ ብሎ አያልፍም፤ ልጅዋን በአባቱ ስም ጠርቶ ቤቱ ገና አባወራ እንዳለው ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ስንኝ በጥበብ የከበደ አይደለም። ቅኔ የለመደ ጆሮ ቀላል ነው ብሎ ሊንቀው ይችላል። ቀላልነቱ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት አድማጩ ማን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። አዝማሪ የሚዘፍነው በጠጅ ቤት፥ በሠርግ፥ በድግስ ነው። አድማጩ ፈልጎት የመጣ፥ የነቃ፥ ብዙውን ጊዜም ጎልማሳ ነው። «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ለአዝማሪው ያቀብለዋል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ የወርቁ ጫፍ ብልግና ቢነካ ሳቅ ይሆናል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ኃይሉንም ጠላት ሳይቀር ያውቀዋል። ግራዚያኒ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም፥ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ዘዋሪ ዘፋኞችና ጠንቋዮች እንዲገደሉ ማዘዙን፥ እስከዚያም ቀን 70 ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ላሊበላ ግን አድማጩን አይመርጥም፤ አድማጩም አልጠራውም። በአንድ ጣራ ሥር አያት፥ እናት፥ አባት፥ ገረድ፥ ጡት ያልጣለ ሕፃን በአንድነት ከእንቅልፍ እየነቁ ይሰሙታል። ልጁ ስሙ ሲጠራ ደስ ሊለው፥ አያቲቱ ምርቃቱን ሰምታ አሜን ልትል፥ አባትየው ሊያፍርና ሊኰራ ይገባል፤ ይህም ሁሉ ባንድ ስንኝ ነው። ወርቁን የደበቀ ቃል እዚህ ቦታ የለውም። ለቤተ ሰብ በሙሉ የሚሆን ዘፈን መድረስ የራሱ ሕግ ያለው ሙያ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ይህን ሕግ ከሌላ አገር ምሳሌ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ለቤተ ሰብ በሚቀርቡ ፊልሞች ዘፈን በመድረስ ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሮበርትና ሪቻርድ ሼርማን። (በዚህና በሚቀጥሉት ሁለት አንቀጾች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሮበርት በ1925፥ ሪቻርድ በ1928 ኒው ዮርክ ተወለዱ። አባታቸው አል ሼርማን ራሱ ዘፈን ደራሲ ነበር። ልጆቹ አድገው አንዱ ልብ ወለድ መጻፍ፥ ሌላው ሙዚቃ መድረስ ሲመኙ አባትየው፥ አንድ ተማሪ የምሳውን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ዘፈን ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ መጻፍ አትችሉም ብሎ እንደ ተፈታተናቸው ይናገራሉ። የምሳ ገንዘብ ያሉት ነገር እኛን ያስገርመናል፤ የላሊበሎችም ዋጋ እንጀራ ነውና። በ1959 አኔት ፉኒቼሎ በዘፈነችላቸው ዘፈን ዋልት ዲዝኒ አወቃቸው፤ በ1960 በደመወዝ ቀጠራቸው። በ1964 የወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» ሁለት የኦስካር ሽልማት አስገኘላቸው። ከዚያም «ዘ ጀንግል ቡክ» በ1967፥ «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» በ1968፥ «ሻርሎትስ ዌብ» በ1973 ተከተሉ። ሮበርት ይበልጥ ወደ ቃሉ፥ ሪቻርድ ይበልጥ ወደ ፒያኖው ያዘነበሉ ቢሆኑም፥ ሁለቱም ሁለቱን ይሠሩ ነበር፤ የሠሩትንም ሁሉ በሁለቱ ስም ፈረሙ።

ከሥራቸው ለጉዳያችን የሚጠቅመው መጀመሪያ በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ለዩኒሴፍ አዳራሽ የደረሱት «ዓለም ትንሽ ናት» የሚለው ዘፈን ነው። መጀመሪያ የታሰበው የየአገሩ አሻንጉሊት ልጆች የየአገራቸውን መዝሙር ባንድ ጊዜ እንዲዘምሩ ነበር፤ ሲሞከር ጫጫታ ሆነ። ወንድማማቾቹ በዚህ ፈንታ በየቋንቋው ሊዘመር የሚችል አንድ ዘፈን ጻፉ፤ የዘፈኑም አካልና አዝማች አንዱ በሌላው ላይ ባንድ ጊዜ ቢዘመሩ ይስማማሉ። ይህ የላሊበሎቹ ጥንድ በየሌሊቱ የሚያደርገው ነው። ልዩነቱ፥ ሼርማኖች የማይናወጠውን ክፍል ቃል ሰጥተውት ከመደጋገሙ የተነሣ ብዙ ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ታወቀ፤ የእኛዪቱ ሴት ግን ቃል ስላልጨመረችበት ጆሮ አይሰለቸውም፤ እንደ ወንዝ ድምፅ ይረሳል። በዚህ ረገድ የሴቲቱ ድርሰት ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ሁለተኛው «ወፎቹን መግቡ» የሚለው የ«ሜሪ ፖፒንስ» ዘፈን ነው። በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለወፎች የሚሆን የዳቦ ፍርፋሪ በሁለት ፔኒ የምትሸጥ አሮጊት ትለምናለች። ወንድማማቾቹ እንደ ተናገሩት ዲዝኒ ዐርብ ማታ ወደ ቢሮው እየጠራ ይህን ዘፈን እንዲጫወቱለት ያዝዝ ነበር። በአስተያየታችን ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዜማው የልመናውን ቃል አያስጌጥም፤ ዝግ ብሎ ከሥሩ ይሸከመዋል። በዓለም የታወቁት የቤተ ሰብ ዘፈን ደራሲዎች ከፍ ያለውን ሥራቸውን የሠሩት ስለ ለማኝ ሴት መሆኑን፥ ላሊበሎችን ለማኝ ናቸው ብለው የሚያልፉ ሰዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሼርማኖችን የሚነቅፉ ሰዎች ስኳር አበዙ ይላሉ። ነቀፋው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ከጻፉት ብዛት ውስጥ ከጣፋጭነቱ በቀር ምንም የሌለው አይጠፋም። ነገር ግን ሮበርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በ1945 ጉልበቱን የቈሰለ፥ ዳኻው ወደሚባለው የማጎሪያ ሰፈር ከገቡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ ደስ የሚያሰኝ ቃል የጻፈው ክፉ ነገር ሳያይ ቀርቶ አይደለም። የሁለቱ ኑሮም እንደ ዘፈናቸው አልነበረም። በ2009 ልጆቻቸው ባወጡት ዘጋቢ ፊልም እንደ ታየው፥ አብረው ሲሠሩ ኑረው ቤተ ሰቦቻቸው ለብዙ ዓመታት አይገናኙም ነበር። ሮበርት በ2002 ወደ ለንደን ሄዶ በ2012 እዚያው ሞተ፤ ሪቻርድ በ2024 አረፈ። ፒያኖና ወረቀት ስላላቸው ተኳርፈውም መሥራት ቻሉ። ላሊበሎች ይህ ዕድል የላቸውም። ተጣልተው የተነሡ ባልና ሚስት በዚያች ሌሊት ደጅ አይቆሙም፤ ቢቆሙም ጎረቤት ከዜማው ያውቅባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ላሊበላ ዜማውን የተወ እንደ ሆነ በቁምጥና ይያዛል የሚባል እምነት አለ፤ እንግዲህ ፈርቶ የሚሠራ ሰው ሥራው ልማድ እንጂ ጥበብ አይደለም ይሉናል። ስለ በሽታው የሚነገረው ሐሰት መሆኑን በዚህ መጽሔት አንባብያን ዘንድ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን ጀርሙን በ1873 (እ.ኤ.አ.) አግኝቶታል፤ ዛሬም በመድኀኒት ይድናል። የተቃውሞው ድካም ግን በሌላ በኩልም ነው። ደብተራው ማሕሌት የሚቆመው በአገልግሎቱ ግዴታ ነው፤ ሼርማኖችም በዲዝኒ ቤት የደረሱት በደመወዝ፥ በታዘዙት ርእስ፥ በተወሰነላቸው ቀን ነው። ግዴታ ሰውን ወደ ደጁ ያመጣዋል፤ ደጁ ላይ ምን እንደሚል አያስተምረውም። ሁለት ጥንዶች እኩል ፈርተው ወጥተው አንዱ ጥንድ ተራ ሙገሳ፥ ሌላው ሳይዘነጋ የሚኖር ስንኝ ትቶ ከሄደ፥ ልዩነቱን ፍርሃት ሊያስረዳው አይችልም።

የምንቸኩልበት ምክንያት አለን። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ጎንደር ከገባ ወዲህ በሌሊት ከደጅ የሚሰማ የሰው ድምፅ ያስደነግጣል፤ ዱሮ እንጀራ ይዞ የሚወጣው አባወራ ዛሬ መብራቱን ያጠፋል። ስለዚህ በዛሪማ አንዳንዶቹ ጎሕ ከቀደደ በኋላ መምጣት ጀምረዋል። ይህ ለደኅንነታቸው መልካም ነው፤ ድርሰቱን ግን ለውጦታል። በቀን ሲያዜሙ ባለቤቱ ፊት ለፊት ስለሚታይ ባልየው ፊቱን እያየ ቃሉን ያሳጥራል፤ መኪናና ወፍጮ ሲጮኽ የሚስቲቱ ዜማ ይዋጣል፤ እርስዋም ዝም ብላ ከረጢቱን መያዝ ትጀምራለች። ባለፈው በጋ ከሰማናቸው ጥንዶች በአንዱ ይህን አይተናል። ባልየው ብቻውን ሲል ውዳሴው ወደ ተራው ሙገሳ ተመልሶ ነበር፤ ክፍተቱን የሚሸፍንለት ስለሌለ ያወቀውን ብቻ ደጋገመ።

እንግዲህ ለሚሰበስቡ ጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የጃፓኑ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ውስጥ ስለ ላሊበሎች ፊልም ሠርቷል፤ ፊልም ወረቀት የማይይዘውን ይይዛልና ይህ መንገድ የተሻለ ነው። ፊልም ለማንሣት አቅም የሌለን ብንሆንም በኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ሁለት ስልክ ይያዝ፤ አንዱ ወደ ባልየው፥ ሌላው ወደ ሚስቲቱ ይቅረብ። ሲገለበጥም የእርሱ ቃል ከላይ፥ የእርስዋ ዜማ ከሥር ባንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ እርስዋ የት ላይ ከፍ እንዳለች፥ የት እንዳፋጠነች፥ እርሱ ሲያጣ ስንት ጊዜ እንዳዞረችለት ምልክት ይደረግበት። ስሟና ስሙም፥ ከፈቀዱ፥ እንደ ሼርማኖች በአንድነት ይመዝገብ። ይህን ሥራ ከኅዳር በኋላ መጀመር ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ገና በመኸር ላይ ናቸው፤ ዛሪማም አይወርዱም።